የሙዜ ጉዮን እጅ የጨበጥኩ ዕለት

በሕይወቴ ብዙ እጅ ጨብጫለሁ። ዕድሜ ልኬን የማልረሳው ግን አንዱን ብቻ ነው፤ ሰብሬዋለሁና።

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልናገር፤ አለዚያ ሳታውቁኝ ትፈርዱብኛላችሁ። ካወቃችሁኝ በኋላም መፍረዳችሁ አይቀርም፤ እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

የዲላ ልጅ ነኝ። ኬንያ ሞያሌ የገባሁት ጎማ ልጠግን ነው። የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች ድንበሩን ተሻግረው ወደ ደቡብ ከመውረዳቸው በፊት ከሚቆሙበት ሜዳ ጥግ የጋሽ ተካ ጎሚስታ ቤት አለ። ጋሽ ተካ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ በነበረበት ዘመን መጥቶ፣ "ነገሩ ትንሽ ሲረጋጋ እመለሳለሁ" እንዳለ እዚሁ የሸበተ ሰው ነው። እንደ ልጁ ነው የሚያየኝ። እንደ ልጁ ስለሚያየኝም ቀኑን ሙሉ ይሰድበኛል።

ያኔ አንድ አባዜ ነበረብኝ፦ የመዳፍ ጉልበት። ጓደኞቼ ስልካቸው ላይ ኳስ ሲያዩ እኔ የድሮ ጉልበተኞችን ታሪክ አያለሁ። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት በአውሮፓ ሰርከስ ቤቶች ጢማቸውን በቅባት ያሾሉ፣ የነብር ቆዳ ያገለደሙ ሰዎች ነበሩ። የፈረስ ኮቴ ብረት ያጣምማሉ፣ ሳንቲም በጣታቸው ያጥፋሉ፣ ሙሉ የመጫወቻ ካርታ ደራርበው ባንዴ ይቀድዳሉ። አንዳንዱ እጀታው እንደ ክንድ የወፈረ ብረት መድረክ ላይ አስቀምጦ፣ "የሚያነሳው ይምጣ!" ይላል። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ይሞክራል፣ ብረቱ ንቅንቅ አይልም። ክብደቱ ያን ያህል ሆኖ አይደለም፤ ጣት ካልዞረበት ጀርባም እግርም ከንቱ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲገናኙ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈታተኑት በሰላምታ ነበር ይባላል። ፈገግ ብለው ይጨባበጣሉ፤ ቀድሞ ፊቱን ያጨማደደ ተሸነፈ።

ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ። መከራዬ ሁሉ ከእሷ ነው።

እኔም እነሱን መሆን አማረኝ። የሞተር ሳይክል ሞላ በመዳፌ እየጨፈለቅሁ ውዬ አድራለሁ። የአሸዋ ባልዲ ውስጥ ጣቶቼን እየነከርኩ አዞራለሁ። የሾፌሮችን ካርታ ቀድጄ አሳያቸዋለሁ፤ አንድ ሰሞን አጨበጨቡልኝ፣ ከዚያ በኋላ ስመጣ ካርታቸውን መደበቅ ጀመሩ። የጎማ ቫልቮላ ክዳን በጣቴ ሳጠብቅ ደግሞ ሌላ ሰው አይፈታውም። አንድ ሾፌር ማርሳቢት ላይ ጎማ ሊያስነፋ ቢል አምስት ሰው ታግሎ አቅቶት፣ ክዳኑን በመጋዝ አስቆርጦ ሲመለስ የሰደበኝን ስድብ እዚህ ልጽፈው አልችልም። እኔ ግን እንደ ሙገሳ ነው የሰማሁት።

ከጎሚስታ ቤታችን ፊት ለፊት ሎኮ የልብስ ስፌት ቤት አላት። ቱታዬን ለሦስተኛ ጊዜ ይዤላት ስሄድ፣ "ክንዱን እኔ ከማሰፋ አንተ ለምን አታስቀንሰውም?" አለችኝ። በዚያው ወደድኳት። እሷም የወደደችኝ ጉልበቴን አይታ አልነበረም፤ እንዲያውም ሚስማር አጣምሜ ስሰጣት፣ "አሁን ይሄን ምን ላድርገው?" ነበር ያለችኝ። ዓመት ያህል እንዲህ ከቆየን በኋላ አንድ ቀን መርፌዋን ጥርሷ ላይ ይዛ፣

"አባቴ ሽማግሌ ይላክ ብሏል" አለችኝ። "ደግሞ አንተም አብረህ እንድትመጣ። ሰውየውን ሳላየው ወሬ የለም ይላል።"

አባቷ ሙዜ ጉዮ የግመል ደላላ ናቸው። ሙዜ እዚህ አገር ትልቅ ሰው የሚከበርበት ስም ነው። ኦቦ ከሚባለው ቦታ፣ ከወዲያ ከወዲህ በእግሩ የሚመጣ ግመል በእሳቸው እጅ ሳያልፍ አይሸጥም ይባላል። ደላላ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ የግመል ደላላ እንዴት እንደሚሠራ ግን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ገበያው ቀን ነው፣ እኔ ቀን ጎማ ሥር ነኝ።

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከጋሽ ተካ ጋር ሄድን። ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ፤ ሎኮ ክንዱን አስፍታዋለች። መንገድ ላይ ጋሽ ተካ ምክር ጀመረ።

"ስማ! ይሄ ሰውዬ አርባ ዓመት እጅ ሲጨብጥ የኖረ ነው። ሰውን በእጁ ነው የሚመዝነው። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት የሚባለው እንዳንተ ላለው ነው። ልፍስፍስ ብለህ እንዳትጨብጠው!"

ለእኔ ይሄን ይነግረኛል! እሳት ላይ ቤንዚን።

ሙዜ ጉዮ ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጠን ያሉ፣ ሻል ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። "ነጋ? ፋያ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጡ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጎንበስ ብዬ ያዝኩት። ሰላምታው ሲያልቅ እጄን ይለቁታል ብዬ ስጠብቅ አልለቀቁም። ጣቶቻቸው ጣቶቼ ላይ አንድ በአንድ መሄድ ጀመሩ፤ ሌባ ጣቴን ያዝ፣ መሐል ጣቴን ጫን። ዓይናቸው ግን ዓይኔ ላይ ነው።

'ገባኝ' አልኩ በሆዴ። 'እየፈተኑኝ ነው።' እናም ጨበጥኩ።

ፊታቸውን አየሁ። ምንም የለም።

"ልጅ፣ ዲላ ዝናብ መጥቷል?" አሉኝ።

"መጥቷል ሙዜ" አልኩና ጨመር አደረግሁ። ምንም።

"ቡና ደህና ነው?"

"ደህና ነው ሙዜ።" አሁን ለሞላው የምጠቀመውን ጉልበት አመጣሁ። ሽማግሌው እንደ ግድግዳ ናቸው። ዓይናቸው እንኳ ቶሎ ቶሎ አልተርገበገበም። እኔ ደነገጥኩ። በዚህ ዕድሜ ይሄ ምን ዓይነት እጅ ነው? ልሸነፍ ነው! በሚስቴ አባት፣ ያውም ገና ሚስቴ ሳትሆን!

"እናት አባት አሉ?"

"አሉ... ሙዜ..." አልኩ ጥርሴን ነክሼ፤ የቀረኝን ሁሉ ከትከሻዬ አውርጄ ጣቴ ላይ አዋልኩት። አንድ ነገር ቀጭ አለ። እውነቴን ነው፣ የእኔ ነበር የመሰለኝ።

"እግዜር ይጠብቃቸው" አሉና እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡ፤ ሻላቸው ውስጥ ከተው "ተቀመጡ" አሉን።

ተቀመጥን። ጋሽ ተካ ስለ እኔ ጨዋነት ንግግር ጀመረ፤ ከቤቱ ስንወጣ የሰደበኝን ሁሉ ገልብጦ አመሰገነኝ። ሙዜ ጉዮ ጸጥ ብለው ያዳምጣሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ቢወጣም ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት። በመሐል የሎኮ እናት፣ በልጃቸው ስም የሚጠሩት ማማ ሎኮ፣ ወተት ይዘው መጡና መጀመሪያ ለባላቸው ሰጡ። ሙዜ ጉዮ ግራ እጃቸውን ዘረጉ።

ማማ ሎኮ ኩባያውን እንደያዙ ቀሩ። በዚያ ቤት አርባ ዓመት ሙሉ በግራ እጅ የተቀበለ ሰው አልነበረም። አንድ ነገር በቋንቋቸው ተናግረው ሻሉን ገለጥ አደረጉ። የቀለበት ጣታቸው እንደ ሙዝ አብጧል፣ ጎኑ ያለውም ተከትሎታል።

ጋሽ ተካ የሽማግሌውን እጅ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። "ምን አደረግህ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ልፍስፍስ ብለህ እንዳትጨብጥ ስላልከኝ..."

ሎኮ ከበሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። "የሰው እጅ ነው እኮ!" አለችኝ፣ እንባዋ መጥቶ። "ጎማ መሰለህ? አባቴ በእጁ ነው የሚኖረው!" ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እፍረት ከእግር ጥፍሬ ተነስቶ ጆሮዬን አጋለው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምርጫዬ ነበር።

በቦዳቦዳ ሞተር ወደ ክሊኒክ ይዘናቸው ሄድን። ሐኪሙ ራጅ አይቶ የቀለበት ጣታቸው መሰበሩን ነገረንና ምን እንደሆኑ ጠየቀ።

"በር ዘጋብኝ" አሉ ሙዜ ጉዮ።

"ትልቅ በር ነው?"

አንገታቸውን ሳያዞሩ፣ "ትልቅ ነው" አሉ። "ግን ማሰብ አይችልም።"

በሩ እኔ፣ አጠገባቸው ቆሜ ወለሉን አያለሁ።

ከክሊኒኩ ስንወጣ ሙዜ ጉዮ አጥር ሥር ተቀመጡና አስቀምጠው ነገሩኝ። ነገ የሶኮ ቀን ነው፤ የገበያ ቀን። ከኦቦ ግመል ያመጡ ሰዎች እሳቸውን ብለው መጥተዋል። ገዢው ከናይሮቢ የመጣ ትልቅ ነጋዴ ነው። እዚህ ደግሞ ዋጋ በአፍ አይነገርም። የሻጭ ደላላና ገዢ ቀኝ እጃቸውን ሻል ሥር ያገናኙና በጣት ይነጋገራሉ፤ ይሄ ጣት ሲያዝ ይሄን ያህል፣ መዳፍ ሲጨበጥ ያን ያህል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ፊታቸውን እያየ ዋጋውን ለመገመት ይሞክራል። ስለዚህ የደላላ ትልቁ ሙያ ፊቱ ነው። ከላይ ስለ ዝናብ እያወራ ከታች ሰው ቢቆርጠው እንኳ ፊቱ አይናገርም።

ያኔ ገባኝ። እኔ የምፈልገው ፊታቸው ሲጨማደድ ማየት ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በአርባ ዓመት አንድም ቀን ያልተጨማደደ ፊት ይዘው ነው የተቀመጡት። ሳይነግሩኝ ሰበርኳቸው።

"ሙዜ፣ ይቅር ይበሉኝ። ለምን አልጮሁም?"

"እንግዳ ነህ" አሉኝ። "ደግሞ የልጄ እንግዳ።" በፋሻ የታሰረ እጃቸውን ከፍ አድርገው ቀጠሉ። "በግራ እጅ ገበያ አይገባም፣ ስድብ ነው። ሌላ ደላላ ብጠራ ከነገ ጀምሮ ሰዎቹ የእሱ ናቸው። እጄን የሰበርክ አንተ ነህ፣ ነገ እጄ አንተ ነህ። ግራ እጄ ክንድህ ላይ ይሆናል፤ እኔ በክንድህ የምልህን አንተ በጣትህ ትላለህ። ደህና ከሠራህ ስለ ሎኮ እንነጋገራለን። ካበላሸህ፣ የዲላ መኪና በዚያ በኩል ነው።"

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስማር ዋልኩ። ጋሽ ተካ ገዢ ሆኖ ተቀመጠ፤ በመጀመሪያው ሙከራ "ወይኔ እናቴ!" ብሎ ከበርጩማው ተነሳ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው አልቀመጥም አለ። ሙዜ ጉዮ የተላጠ የበሰለ ሙዝ አስመጡና መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። "እየተጫወትክ ያዘው። እንዳይጠፈጠፍ።" አምስት ሙዝ ጨፈለቅሁ። የመኪና አክስል የሚያነሳ ሰው ሙዝ መያዝ አቃተው! ሎኮ መጀመሪያ ተኮሳትራ ነበር፤ በአራተኛው ሙዝ ላይ ሳቋ አመለጣትና ወደ ውስጥ ገባች። ስድስተኛው ግን ተረፈ። ያን ሙዝ በልቼዋለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ማግሰኞ ገበያ። አቧራ፣ የግመል ግሳት፣ በኦሮምኛ በስዋሂሊ በአማርኛ የሚጮህ ሰው። ሙዜ ጉዮ ከጎኔ ተቀመጡ፤ ግራ እጃቸው ሻል ሥር ክንዴ ላይ አረፈ። የናይሮቢው ነጋዴ መጣ። የገበያው ሰው "ፒንሳ" ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ እጄን ሲይዘኝ አወቅሁ። ይሄ ሰው ዋጋ ሲጠራ ጣት አይዝም፤ ጣት ይቆነጥራል፣ ያጣምማል። ሕመሙ ሲበዛ ደላላው ቶሎ ይስማማል።

"ሙዜ፣ ፖሌ ሳና ለእጅህ" አላቸው፤ አይዞህ ማለቱ ነው። ወዲያው የእኔን ጣት ጠመዘዘው።

ጌቶቼ፣ መጨበጥ እንጂ ሲጨብጡኝ መቻልን ተምሬ አላውቅም ነበር። ፊቴ ምን እንደሆነ አላየሁትም፤ ዙሪያውን የቆመው ሰው ግን አየው። አንዱ ደላላ ጮክ ብሎ ዋጋውን ጠራ። ትክክል ነበር! ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ፒንሳ እንደገና ሲጭነኝ አሁንም ፊቴን አይተው ሌላ ዋጋ ጠሩ። እሱም ትክክል።

ሙዜ ጉዮ ትከሻቸው ላይ የነበረውን ትርፍ ሻል አወረዱና ጭንቅላቴ ላይ ደፉት። ከአናቴ እስከ ደረቴ ሸፈኑኝ። ከኋላ ጋሽ ተካ፣ "ሙሽራዋ መጣች!" ብሎ እልል ሲል ሰማሁት። ልታስታርቁኝ ብትሞክሩም ለዚያች እልልታ ይቅርታ አላደርግለትም።

በጨለማ ውስጥ እጄ ብቻ ቀረች። ፒንሳ ይጠመዝዛል፣ እኔ ሻል ውስጥ እንደልቤ ፊቴን አጨማድዳለሁ። ልጨብጠው እችል ነበር። በአንድ ትንፋሽ ጣቶቹን ሁሉ ልሰበስባቸው እችል ነበር፣ እጄም አሳከከኝ። የሽማግሌው ግራ እጅ ግን ክንዴ ላይ አለ። ቻልኩት።

ከዚያ ሙዜ ጉዮ ክንዴን ጫኑኝ፤ ውረድ፣ ዋጋ ቀንስ ማለታቸው ነው። የሰውየው ጭካኔ ገብቷቸው ለእኔ ያዘኑ ይመስለኛል። ልወርድ ስል አንድ ነገር ተሰማኝ። የፒንሳ አውራ ጣት ይንቀጠቀጣል።

ይሄን ነገር አውቀዋለሁ። ሞላ ስጨፈልቅ፣ ብረት ስሰቅል፣ ከጣቶች ሁሉ ቀድሞ የሚከዳው አውራ ጣት ነው። እነዚያ የድሮ ጉልበተኞች ወፍራም እጀታ ያስቀምጡ የነበረው ለዚህ ነው፤ አውራ ጣት ከደከመ ሰውየው አልቆለታል። ፒንሳ ከማለዳ ጀምሮ የደላላ ጣት ሲጠመዝዝ ነው የዋለው። መዳፉም በዚያ ሙቀት ቀዝቅዟል። ግመሎቹን ፈልጓቸዋል፣ መኪናውም ቆሞ እየጠበቀው ነው። ግን ብሳሳትስ? ገዢው ተነስቶ ቢሄድ ሎኮም ሄደች ማለት ነው።

ሙዜ ጉዮ እንደገና ጫኑኝ። አልወረድኩም። ሦስተኛ ጊዜ በጥፍራቸው ጫኑኝ። እጄን እንደዚያ ሙዝ ለስለስ አድርጌ ባለችበት አቆየኋት፤ አልገፋሁም፣ አልሸሸሁም።

ፒንሳ አንዴ ጠመዘዘኝ፤ ጉልበት የለውም። ሁለተኛ ሞከረ። ከዚያ ጣቶቹ ላላ አሉና እኛ በቆምንበት ዋጋ ላይ ተስማምቶ እጄን መታ አደረጋት።

ሻሉ ሲነሳልኝ መጀመሪያ ያየሁት ሙዜ ጉዮን ነው። ፊታቸው እንደልማዱ ምንም አይናገርም።

"ሦስት ጊዜ ውረድ አልኩህ። ለምን አልወረድክም?"

"አውራ ጣቱ ይንቀጠቀጥ ነበር ሙዜ። እጁም ቀዝቅዞ ነበር።"

ከዚያ ወደ ጋሽ ተካ ዞረው፣ "ይሄ በር መስማት ጀምሯል" አሉት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ሎኮ ተነጋገርን። ከብት አልጠየቁኝም፣ የለኝምም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ጣታቸው ድኖ እስኪታጠፍ ድረስ በየገበያው ቀን እጃቸው ሆኜ እንድቀመጥ። ሐኪሙ ሁለት ወር ቢበዛ ነው ብሎ ነበር። እሺ አልኩ። ሎኮ እልል አላለችም፤ "መጀመሪያ አባቴን እንደ ሰው መጨበጥ ተማር" አለችኝና ሄዳ የሠርግ ሸሚዜን መለካት ጀመረች።

እናንተ አንባቢዎች፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ጉልበት መጥፎ ነው አልልም። ዛሬም ሞላዬን እጨፈልቃለሁ፣ ዛሬም ሾፌሮች ካርታቸውን ይደብቁኛል። ግን ሃያ ምናምን ዓመት በእጄ ስይዝ ኖሬ በእጄ አዳምጬ አላውቅም ነበር። አሁን ሰው ሲጨብጠኝ የሚያሳስበው ነገር ካለ አውቃለሁ። እናቴ ዲላ ስሄድ እጇን ስትሰጠኝ እንደመነመነች ያወቅሁት በዓይኔ አይደለም። ያን ዕለት ያን ጣት ባልሰብር ኖሮ ይሄን ሁሉ ሳላውቅ እሞት ነበር። መስበሬ ግን ዛሬም ያሳፍረኛል፣ ሁለቱም እውነት ነው።

ከተጋባን ሁለት ዓመት አለፈን። የሙዜ ጉዮ ጣት ግን አልዳነም። ፋሻው እንደተጠቀለለ ነው፤ በየገበያው ቀን ሻል ሥር ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ ስለ ግመል፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጃቸው ቁጣ እያወራን። ባለፈው ሳምንት ግን ሳላስበው ቀደም ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። በበሩ ክፍተት አየኋቸው። ፋሻውን አውልቀው በርጩማው ላይ አኑረውታል። በዚያች በተሰበረችው እጅ የቅቤ ጣሳ ክዳን ይዘው ጠመዘዙት፤ ክዳኑ ግንጥል ብሎ ተከፈተ።

ወደ ኋላ ጥቂት እርምጃ ተመለስኩና ጮክ ብዬ ሳልኩ። ስገባ ፋሻው በቦታው ነበር።

"ጣትዎ እንዴት ነው ሙዜ?"

"ትንሽ ይቀራታል" አሉኝ።

"አይቸኩሉ" አልኳቸው። አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም፤ ሞያሌ ብትመጡ አደራችሁን፣ እንዳትነግሩብኝ።